የቤታችን ኮምፒውተር መናሄል ማን እንደነበረ

የምስክሩ ስም፦ ባየ ቸሬ ቢሆነኝ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኛ
አድራሻ፦ አሽቀሎን፣ ሺምሾን ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ እሑድ 7.12.2025፣ ረፋድ ላይ፣ አሽቀሎን ፖሊስ ጣቢያ
ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ ወደ ቤት ኮምፒውተር ስለ መግባትና ፋይሎችን ስለ መቆለፍ
ቃሉን በአማርኛ ተቀብሎ የጻፈው፦ መርማሪ ኦፊር

ከላይ ስሜ የተጠቀሰው እኔ፣ ሐሰት ብናገር በሕግ እንደምጠየቅ በመርማሪው ከተነገረኝ በኋላ፣ በአማርኛ ለመናገር መርጬ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ዕብራይስጥ እችላለሁ። ነገር ግን ይህን ጉዳይ በዕብራይስጥ ስናገረው አጭር ይሆንብኛል፤ ሲያጥር ደግሞ ጥፋተኛው የወንድሜ ልጅ አቪ ይመስላል። ባለፈው ሐሙስ በስልክ ለአንዲት ፖሊስ በዕብራይስጥ ነግሬ አይቼዋለሁ። ስጨርስ “ስለዚህ አቪ ነው” አለችኝ።

የመጣሁት ስለ አቪ ነው። አቪ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አባቱ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ከሞተ ጀምሮ እኛ ቤት ያደገ ሲሆን፣ የሚተኛው በማማዱ ውስጥ ነው፤ ሲረን ሲጮኽ ሁላችንም የምንገባበት ክፍል ማለቴ ነው። ኮምፒውተሩም የተቀመጠው እዚያው ነው። አቪ ከጦር ሠራዊት በቅርቡ የተሰናበተ ሲሆን፣ በጥበቃ ሥራ ለመቀጠር የቀረው የፖሊስ ማረጋገጫ ብቻ ነበር። ባለፈው ረቡዕ አባቴ፣ አቶ ቸሬ ቢሆነኝ፣ ወደዚህ ጣቢያ መጥተው ኮምፒውተሩን የቆለፈው አቪ ነው ብለው አመልክተዋል። ክስ ከተመሠረተበት ሥራው ይቀራል። ሌላም ብዙ ነገር ይቀርበታል። እኔ አቪ አይደለም እላለሁ። የቆለፈውን ሰው አላውቀውም። ማን እንዳስገባው ግን አውቃለሁ።

መርማሪው ከማክሰኞ እንድጀምር ጠይቆኛል። ከማክሰኞ ከተጀመረ አይገባም። ሰሞኑን ሰው ሁሉ ከማክሰኞ ጀምር ይለኛል።

ኮምፒውተሩ በተገዛ ጊዜ በቤቱ ያለን ሁሉ የምንገባበት በአንድ ስም ነበር። ሲስማ፣ ማለትም የይለፍ ቃል፣ አልነበረውም። ባለቤቴ ኦርሊ የሥራ ወረቀቷን ትሠራበታለች፤ አቪ ይጫወትበታል፤ አባቴ እናቴን ይሰሙበታል። እናቴን ይሰማሉ ማለቴ፣ እናቴ የሺሃረግ ከመሞቷ በፊት ጎንደር ያደገችበትን አገር፣ የወንዞቹን ስም፣ ማን ከማን እንደተወለደ የተናገረችው ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀድቶ አለ። አባቴ ዘወትር ዓርብ፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያዳምጡታል። መሀል ላይ የምትስቅበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ መልሰው ይሰሙታል።

አንድ ዓርብ አቪ በነጻ ነው ብሎ ካወረደው ጨዋታ ጋር ሌላ ነገር ገብቶ ኖሮ፣ አባቴ እናቴን ሊሰሙ ሲቀመጡ ማሳያው የቁማርና የራቁት ሴት ማስታወቂያ ሞላበት። ቢዘጉት ይከፈታል። በዚያ ሳምንት በሰፈራችን ማትናስ፣ በሕዝብ ማዕከሉ ማለቴ ነው፣ ለሠራተኞች ወደሚሰጠው የኮምፒውተር ትምህርት ገባሁ። ጊላድ የሚባለው አስተማሪ እንዲህ ብሎ አስረድቶናል፦ ማንኛውም ፕሮግራም የሚኖረው ሥልጣን የከፈተው ሰው ሥልጣን ነው። ሙሉ ሥልጣን ይዘህ አንድ መጥፎ ነገር ብትከፍት፣ ያም መጥፎ ነገር ሙሉ ሥልጣን ይይዛል። ስለዚህ በቤት ውስጥ አንድ መናሄል፣ ማለትም አስተዳዳሪ፣ ይኑር፤ እሱም አዲስ ፕሮግራም ለማስገባት ብቻ ይከፈት፤ የቀረው ሰው ሁሉ ለዕለት ሥራው በተራ መለያ ይግባ አለን። ገባኝ። በሕይወቴ እንደዚህ ቶሎ የገባኝ ነገር ጥቂት ነው።

ቤት ሄጄ አደረግሁት። አንድ መናሄል ከፈትሁ፤ ረጅም ሲስማ አወጣሁለት። ለኦርሊ፣ ለአቪ፣ ለአባቴ፣ ለራሴም ተራ መለያ ከፈትሁ። ይህ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ፤ ለራሴም። በየቀኑ የምገባው እንደ ማንኛቸውም ነበር።

በመጀመሪያ የተቆጣው አቪ ነው። ጨዋታ ማስገባት ፈልጎ እኔን መጠየቅ ስላለበት፣ “ይህን ኮምፒውተር በመስኮት ነው የምወረውረው” ብሏል። አባቴ ሰምተዋል። ረቡዕ ለፖሊስ የተናገሩት ይህንኑ ነው። ብሏል፤ አልክድም። ነገር ግን አቪ ሳህን እጠብ ሲባልም ሳህኑን በመስኮት እወረውራለሁ ይላል።

ከዚያ አባቴ። አባቴ ምንም አይናገሩም ነበር። አንዳንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ ራሱን ሊያድስ ሲፈልግ፣ ወይም እሳቸው የማይገባ ነገር ሲነኩ፣ የመናሄል ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል ጽሑፍ ከነባዶ ሳጥኑ ይወጣል። ሰርዝ የሚለውን መጫን አሳይቻቸዋለሁ። አይጫኑትም። ከፋብሪካ ስመለስ፣ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከዚያ ሳጥን ፊት ለፊት ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ስንት ሰዓት እንደጠበቁ አይነግሩኝም። እኔ ሲስማውን ስጽፍ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። አንድ ቀን ብቻ፣ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ፣ “በገዛ ቤቴ ደጅ ልጥና?” አሉ። እንዳልሰማ ሆንሁ። ኦርሊ ግን ከኮሪደሩ ሰምታለች፤ ማታ “ስጣቸውና ተገላገል” አለችኝ።

አልሰጠሁም። ከዚያ በኋላ አባቴ ከእኔ ጋር መነጋገር አቆሙ። ግቫት ጺዮን ወደሚባለው ሰፈር ሄደው ለጋሼ ጦቢያ ነገሩ። ጋሼ ጦቢያ በዘመዶቻችን ዘንድ የሽማግሌ ሰብሳቢ ናቸው። ከስግድ በዓል በኋላ ባለው እሑድ፣ ከሥራ ስገባ ሽማግሌዎች ሳሎናችንን ሞልተው ተቀምጠዋል።

መርማሪው ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ጠይቆኛል። ጉዳዩ ይህ ነው ብዬ መልሻለሁ።

ጋሼ ጦቢያ አባትህን በቤትህ እንግዳ አድርገሃቸዋል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጊላድ እንዳስረዳኝ አስረዳሁ። ሌባ ከገባ ያገኘውን ሰው ሥልጣን ይዞ ነው የሚዞረው አልሁ። ሽማግሌዎቹ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከመካከላቸው አንዱ፣ “ይህ መናሄል የምትለው ነገር ደመወዝ አለው?” አሉኝ።

“የለውም” አልሁ።

“ታዲያ ምን ያንሰፈስፍሃል?”

ሁሉም ሳቁ። አቪም መጠጥ እየቀዳ ነበርና ሳቀ። እኔም በተራ መለያ እንደምገባ፣ ማንንም ዝቅ እንዳላደረግሁ ተናገርሁ። ያን ጊዜ አባቴ ከስንት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞረው፣ “አንተ ካባህን ራስህ አውልቀህ አስቀመጥኸው። እኔን ግን ገፈፍኸኝ” አሉኝ።  

ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። የቤት ራስ አንድ ነው፤ መናሄሉ አባትየው ይሁኑ አሉ። ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሲስማውን በወረቀት ጽፌ እሰጣቸዋለሁ ስል ግን ጋሼ ጦቢያ አልተቀበሉም። በዕርቅ ላይ ተሸሽጎ የሚቀር ነገር ለነገ ጠብ ነው፤ እዚሁ በፊታችን ንገራቸው አሉ። ይህ የሽምግልና ወግ ነው፤ በእኛ ዘንድ የተበደለም የበደለም ሁሉን በአደባባይ ነው የሚያወጣው። ለከብት፣ ለድንበር፣ ለጋብቻ የሚሆን ወግ ነው። ነገርኋቸው። ሲስማውን እያንዳንዱን ፊደልና ቁጥር ጮክ ብዬ ተናገርሁ። አንደኛው ሽማግሌ ጆሯቸው ስለማይሰማ ደገምሁት። ኦርሊ ተነሥታ የሳሎኑን መስኮት ዘጋች። ከዚያ ሽማግሌዎቹ መረቁን።

መርማሪው በዚያ ቀን አቪ ከነበረ ሲስማውን ያውቅ ነበር ማለት ነው ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አዎ፣ ያውቅ ነበር። ጋሼ ጦቢያም ያውቃሉ። ጆሯቸው የማይሰማውም ያውቃሉ። ማወቅ ወንጀል ከሆነ ፖሊስ ሚኒባስ ያዘጋጅ።

በኋላ ለምን አልቀየርኸውም ተብዬም ተጠይቄያለሁ። አስቤዋለሁ። ማማዱ ውስጥ ቆሜ፣ ቁልፎቹ ላይ እጄን አድርጌ አስቤዋለሁ። ሽማግሌ የታረቀበትን ነገር ከኋላ ሄዶ መለወጥ ምን እንደሚባል መርማሪው ራሱ የሐበሻ ልጅ ስለሆነ ያውቃል። እጄን አነሣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ለዓርቡም ለሌላውም በመናሄሉ ስም ነበር የሚገቡት። ተራውን መለያቸውን አልነኩትም።

አሁን ወደ ማክሰኞ እመጣለሁ። ማክሰኞ 2.12.2025 እኔ ፋብሪካ ነበርሁ። ኦርሊ በምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ነበረች። አቪ ለጥበቃ ሥራው የተኩስ ልምምድ ሊያደርግ ከከተማ ውጭ ሄዶ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነበር፤ አሠልጣኙ ሊጠየቅ ይችላል። ቤት የነበሩት አባቴ ብቻ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ስገባ አባቴ ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ማማዱ ውስጥ ኮምፒውተሩ በርቷል። ፋይሎቹ ሁሉ ስማቸው ተለውጧል፤ አንዱም አይከፈትም። ፋይሎቻችሁ ተቆልፈዋል፤ ለማስከፈት ክፈሉ የሚል ጽሑፍ አለ። ከቁልፎቹ አጠገብ የአባቴ መነጽርና የቤቱ ስልክ ነበር። ስልኩ ሁልጊዜ ቦታው ሳሎን ነው። አንሥቼ ወደ ቦታው መለስሁት። ለምን እንደመለስሁት ሳስበው ሰንብቻለሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ነኝ የምናገረው።

የሆነው እንዲህ ነው። የኮምፒውተሩን የሥራ ታሪክ ጊላድ መጥቶ አብረን አይተነዋል። በዚያ ቀን ረፋድ ላይ፣ ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ ለመምራት የሚያስችል ፕሮግራም በመናሄሉ ፈቃድ ገብቷል። የገባው ሰው ቀጥሎ የአቪን መለያ መናሄል አድርጎ፣ የቀረውን ሥራ ሁሉ በአቪ ስም ሠርቷል። ስለዚህ ጽሑፉ የተገኘው በአቪ መለያ ነው። አባቴ ያንን ስም አይተው፣ “ይኸው ተጽፏል” አሉ። አቪ በዕብራይስጥ፣ “ሳባ፣ ዜ ሎ አኒ” አላቸው፤ አያቴ፣ እኔ አይደለሁም ማለቱ ነው። አባቴ በአማርኛ ተናገር አሉት። በአማርኛ አልተናገረም። ወጣ።

ሐሙስ እዚህ ተጠርቶ ተጠይቆ ተመለሰ። ምንም አልበላም። ፍራሹን ከማማዱ ጎትቶ ሳሎን ዘረጋው። ኦርሊ ምነው ስትለው፣ እዚያ ክፍል ደግሞ ሌላ ነገር ቢጠፋ እኔ ነኝ ትላላችሁ አላት። ሲረን ቢጮኽስ ስትለው ጫማውን ሳያወልቅ ፍራሹ ላይ ተጋደመ።

ዓርብ ጠዋት አባቴን ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ወሰድኋቸው። ፍርስራሹን አልፎ ባሕሩ ፊት ለፊት የሚወዱት አግዳሚ ወንበር አለ። ቤት ውስጥ ልጠይቃቸው አልቻልሁም። ከዚህ ቀጥሎ ያለው እሳቸው የተናገሩት እንዳለ ነው፤ መርማሪው እንዳለ እንዲጽፈው ጠይቄያለሁ።

“አባባ፣ ማክሰኞ ስልክ የደወለ ሰው ነበር?” አልኋቸው።

“ነበር” አሉ።

“ማነኝ አለዎት?”

“የኢንተርኔቱ ሰው ነኝ አለ። ኮምፒውተራችሁ ታሟል አለኝ። ዕብራይስጡን ቀስ እያለ ነው የሚናገረው፣ እንዲገባኝ። አንተም እንኳ እንደዚያ ቀስ ብለህ አትነግረኝም።”

“ከዚያስ?”

“አታ ሃመናሄል? አለኝ። መናሄሉ አንተ ነህ ወይ ነው የሚለኝ።”

“ምን አሉት?”

“ነኝ አልሁት። ምን ልበለው ኖሯል? ሽማግሌ ፈርዶልኝ የለም ወይ?” አሉ። ከዚያ ባሕሩን እያዩ፣ “ፈቃድዎን ይስጡኝ አለኝ። በዚህ አገር ስንት ዘመን ስኖር እኔን ፈቃድ የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው” አሉኝ።

ፕሮግራሙን ሰውየው ባላቸው መንገድ ከፈቱት። ባዶው ሳጥን ሲወጣ ሲስማውን ራሳቸው ጻፉ። አንድ ጊዜ ተሳስተው ነበር፤ ሰውየው አይዞህ ብሎ አስደገማቸው። ከዚያ ቀስቱ ራሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። አባቴ ሐኪም እያከመው ነው ብለው ተቀምጠው ያዩ ነበር።

አቪንስ ለምን ከሰሱት አልኋቸው። አቪ ልጅ ነው፤ ልጅ ይረሳል፤ እኔ በስተርጅና ሌባ አስገባ ተብዬ በየለቅሶው ከሚወራብኝ አሉ። ከዚያ፣ “አንተ ልጄ ነህ፤ አትናገርም” አሉኝ። እሺ አላልሁም፤ እንቢም አላልሁም።  የዚያን ዕለት ሰንበት የገባው የእናቴ ድምፅ ሳይሰማ ነው። የእሷ ድምፅ ያለበት ፋይልም ከተቆለፉት አንዱ ነው። የፖሊስ ባለሙያው ይሞከራል እንጂ ተስፋ አልሰጥም ብሎኛል። አባቴ እስከ አሁን ስለዚያ ፋይል አልጠየቁኝም። የሚጠይቁኝን ቀን እፈራለሁ።

መርማሪው አባትህ በተራው መለያ ቢገቡ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ፈጽሞ አይደርስም አልልም። ተራ መለያ ሁሉን አያድንም፤ ጊላድም እንደዚያ አላስተማረንም። የሚያታልል ሰው የአባቴን የራሳቸውን ፋይሎች ያበላሽባቸው ነበር ይሆናል። ነገር ግን ያ ሳጥን ሲወጣ አባቴ ሲስማውን አያውቁም ነበር። እጃቸውን በጉልበታቸው አድርገው እኔን ይጠብቁ ነበር። እኔ ደግሞ ከሰዓት በኋላ እገባ ነበር። ያ መጠበቅ ነው የጠፋው። እኔ የሠራሁት መጠበቅን ነበር፤ እሳቸውን ያዋረዳቸውም ያው መጠበቁ ነው። ይህን ለሽማግሌዎቹ እንዴት እንደምነግራቸው ያኔ አላወቅሁም።

ትናንት፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ ኦርሊ ከሥራ ባልደረባዋ በተዋሰችው ኮምፒውተር ላይ መለያዎችን እንደገና ከፍቻለሁ። ለመናሄሉ የማንንም ስም አልሰጠሁትም። የቀረነው ሁላችንም ተራ ነን። አባቴ ከበሩ ላይ ቆመው አዩኝ።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ አባቴ ከእኔ ቀድመው ለስግድ የለበሱትን ሱፍ ለብሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የት ሊሄዱ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። አሁን በኮሪደሩ ተቀምጠዋል። የዚህ ክፍል በር በደንብ አይገጥምም።

ደንብ ስለሆነ መርማሪው ከላይ የሰፈረውን ቃሌን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲያነብልኝ ለምኜው ነበር። ደንብ ነው፤ ምስክሩ መስማት አለበት አለኝ። የስልኩን ነገር ሲያነብ ቀና ብል አባቴ በሩን ገፋ አድርገው ቆመዋል። ስለ ፓርኩ እስኪያልቅ ድረስ ከነዱላቸው ቆመው ሰሙ። መርማሪው አባባ፣ ውጭ ይጠብቁ አላቸው። አልወጡም።

“የቀረ አለ” አሉት። “የስልኩ ሰውዬ ስሜንም ጠይቆኝ ነበር። ነግሬዋለሁ። እሱ አልተጻፈም።”

መርማሪው የእርስዎን ቃል ለብቻ እቀበላለሁ፤ ረቡዕ ካመለከቱት ጋር ስለማይገጥም ያስጠይቅዎታል አላቸው። አባቴም፣ “ያስጠይቀኝ። አንተ ግን መጀመሪያ አቪ አይደለም ብለህ ጻፍልኝ፣ ልጄ። ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን” ብለዋል። ከዚያ ዱላቸውን ይዘው ከእኔ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ከዚህ በላይ የተጻፈው በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁትና ራሴ ያደረግሁት ነው፤ ማንም አላስገደደኝም፤ የጨመርሁበትም የለም። ሳልናገር ያስቀረሁት አንድ ነገር ብቻ ሲሆን፣ እሱም ትናንት ያወጣሁት አዲሱ ሲስማ ነው። መርማሪው አልጠየቀኝም። ይህን ለማስጻፍ አዲሱ ሲስማ ብዬ ስጀምር ግን አባቴ የምናገረው መስሏቸው እጃቸውን አነሡና፣ “ለእኔም አትንገረኝ” አሉኝ። ይህም በቃሉ ውስጥ እንዲገባ ራሳቸው ስለጠየቁ ተጽፏል።

የምስክሩ ፊርማ፦ ባየ ቸሬ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ መርማሪ ኦፊር
ሲነበብ በቦታው የነበሩ፦ ቸሬ ቢሆነኝ (የጣት አሻራ)